«የኩባንያው ሰው»፦ ስለ ሂሮስ ድራማ 17ኛ ክፍል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ታሪኩን አስቀድሞ መስማት የማይወድ ሰው መጀመሪያ ክፍሉን አይቶ ይመለስ፤ ከታች የሚደበቅ ነገር የለም፣ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የምናወራው ስለ የትኛው ድራማ፣ ስለ የትኛው ክፍል ነው?

ቲም ክሪንግ የፈጠረው ሂሮስ ከ2006 እስከ 2010 በአሜሪካው ኤንቢሲ ጣቢያ በአራት ምዕራፎች የታየ ድራማ ነው። በየአገሩ የሚኖሩ ተራ ሰዎች አንድ ቀን ብድግ ብለው መብረር፣ ጊዜን ማቆም፣ የሌላውን ሐሳብ መስማት ይጀምራሉ። «የኩባንያው ሰው» የመጀመሪያው ምዕራፍ 17ኛ ክፍል ሲሆን በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2007 ተላለፈ። የጻፈው ብራያን ፉለር፣ ያዘጋጀው አለን አርኩሽ ነው።

ድራማው እስከዚያ ሳምንት ድረስ በአንድ ክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት ታሪኮችን እያፈራረቀ፣ ተመልካቹን ከኒውዮርክ ወደ ላስ ቬጋስ፣ ከዚያም ወደ ቴክሳስ ሲያመላልስ ቆይቷል። በዚህ ክፍል ግን አንድ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። የሌሎቹ ታሪኮች ዋና ሰዎች የሉም፤ ሒሮ የለም፣ ፒተር የለም፣ ሳይላር የለም። ቤቱ ውስጥ ያሉት የቤኔት ቤተሰብና ቤቱን የያዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ብዙ አድናቂዎች የተከታታዩ ምርጥ ክፍል ይሉታል፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

ያለፉትን 16 ክፍሎች ሳላይ በዚህ መጀመር እችላለሁ?

ይችላሉ፣ ግን ይቆጭዎታል። ክፍሉ ራሱን ችሎ የቆመ ታሪክ ስላለው ግራ አይገባዎትም። ነገር ግን ሙሉ ክብደቱ የሚሰማው አባትየውን ቤኔትን ለአሥራ ስድስት ክፍሎች እንደ ክፉ ሰው ሲጠረጥር ለቆየ ተመልካች ነው። ያን ጥርጣሬ ይዞ ያልመጣ ሰው ዘና ብሎ ያያል፤ ይዞ የመጣው ግን በየአሥር ደቂቃው ፍርዱን ይለዋውጣል።

ጊዜ የሌለው ሰው ቢያንስ አራት ነገሮችን ይወቅ። ክሌር ቤኔት ቁስሏ ወዲያው የሚድን የጉዲፈቻ ልጅ ናት። አባቷ ወረቀት ሻጭ ነኝ እያለ ልዩ ኃይል ያላቸውን ሰዎች እያሳደደ ይይዛል። ሄይቲያዊው ባልደረባው የሰውን ትዝታ ያጠፋል፣ አጠገቡ ያለ ባለ ኃይልም ኃይሉ አይሠራለትም። እናቲቱ ሳንድራ ደግሞ ትዝታዋ ብዙ ጊዜ ከመጥፋቱ የተነሣ በቅርቡ ታማ ሆስፒታል ገብታለች፤ ክሌርም ጥፋቱ የአባቷ መሆኑን ደርሳበታለች።

ባጭሩ በክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

ሐሳብ የሚሰማው ፖሊስ ማት ፓርክማንና ከሰውነቱ የኑክሌር ጨረር የሚወጣው ቴድ ስፕራግ፣ ኦዴሳ ቴክሳስ ወደሚገኘው የቤኔት ቤት ገብተው ቤተሰቡን ያግታሉ። ሁለቱም አንገታቸው ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ተይዘው ምልክት የተደረገባቸው ናቸው። የሚፈልጉት መልስ ነው፦ ማን ያዘን? ምን አደረጋችሁን? ቤኔት መልሱን ለመስጠት ከማት ጋር ወደ ሥራ ቦታው ይሄዳል፤ ሳንድራ፣ ክሌርና ታናሽ ወንድሟ ላይል ደግሞ ከቴድ ጋር ይቀራሉ።

የቤኔት አለቃ ቶምሰን ተከታትሎ መጥቶ ቴድን ይተኩሰዋል፤ ቴድም መቆጣጠር አቅቶት መንደድ ይጀምራል። ክሌር እሳቱ ውስጥ ገብታ የሚያስተኛ መርፌ ትወጋዋለች። ቤቱ ይጠፋል፣ ምሥጢሯም አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ድልድዩ ላይ የሚሆነው ለብቻው ጥያቄ ይገባዋል።

መነጽር ያደረገው ሰውዬ ስሙ ማን ነው?

በዚህ ክፍል «ቤኔት» ብቻ ነው። ኖህ የሚለው የመጀመሪያ ስሙ የተነገረው በምዕራፉ መዝጊያ ክፍል ነው፤ እስከዚያ ድረስ አድናቂዎች ወፍራም ጥቁር ፍሬም ባለው መነጽሩ ይጠሩት ነበር። ተዋናዩ ጃክ ኮልማን ሲገባ የተሰጠው ሚና ትንሽ ነበር፤ በምዕራፉ አጋማሽ ቋሚ ተዋናይ ሆነ። ይህን ክፍል ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ምልሰቶቹ (ያለፈውን ዘመን የሚያሳዩት ትዕይንቶች) ለምን በጥቁርና ነጭ ተሠሩ?

አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፦ ታሪኩ በ15 ዓመት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚል፣ ተመልካቹ የትኛው ዘመን ላይ እንዳለ ሳይጨነቅ እንዲያውቅ ነው። ነገር ግን ሌላም ጥቅም አለው። ቤኔት ሲቀጠር ዓለምን የሚያያት በሁለት ቀለም ነው፤ እኛና እነሱ፣ የሚይዝና የሚያዝ። ቀለም ያለው የአሁኑ ጊዜ ላይ ስንደርስ፣ «እነሱ» ከሚላቸው አንዷ ቁርስ አብራው የምትበላ ልጁ ናት።

እውነቱን ለመናገር ጥቁርና ነጭ ምልሰት ብዙ ድራማ ውስጥ ጌጥ ነው። እዚህ ጌጥ ያልሆነው እያንዳንዱ ምልሰት የሚገባው በአሁኑ ጊዜ ቤኔት አንድ ነገር ለመወሰን በተጨነቀበት ቅጽበት ስለሆነ ነው።

ኩባንያው ምንድን ነው? አንዱ ሠራተኛ ባለ ኃይል፣ ሌላው ተራ ሰው የሚሆነውስ ለምንድን ነው?

ፕራይማቴክ በውጭ ሲታይ የወረቀት ፋብሪካ ነው። ውስጡ ልዩ ኃይል ያላቸውን ሰዎች የሚፈልግ፣ የሚይዝ፣ የሚመረምርና ምልክት አድርጎ የሚለቅ ድርጅት አለ። ሠራተኞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሰማራሉ፤ አንዱ ኃይል ያለው፣ አንዱ የሌለው። ኃይል ያለው ሥራውን ያቃልላል፣ ኃይል የሌለው ደግሞ ጓደኛውን ይጠብቃል፤ «ይጠብቃል» ማለት እዚህ ቤት ይንከባከባል ማለት ብቻ አይደለም።

የቤኔት የመጀመሪያ ጓደኛ የማይታየው ሰው ክሎድ ነበር፤ ክሪስቶፈር ኤክልስተን ይጫወተዋል። ከሰባት ዓመት በፊት ክሎድ አንድ ባለ ኃይል ሰው ከኩባንያው መደበቁ ታወቀ፣ ቤኔትም እንዲገድለው ታዘዘ። ድልድይ ላይ ወስዶ ተኮሰበት፤ ክሎድ ቆስሎ ተሰወረ። አለመሞቱን አስቀድመን እናውቃለን፤ ከጥቂት ክፍሎች በፊት ኒውዮርክ ውስጥ ፒተርን ሲያሠለጥን አይተነዋል። ስለዚህ የምልሰቱ ጥያቄ ሞተ ወይስ ዳነ አይደለም። ቤኔት ሲታዘዝ ጓደኛውን እንኳ የሚተኩስ ሰው መሆኑን ነው የምናየው። ይህን ይዘን ነው የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች የምናያቸው።

ማት ክሌርን ለምን ተኮሰባት?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ይነሣል፤ ትዕይንቱ ፈጣን ስለሆነ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ቴድ ትዕግሥቱ አልቆ ሳንድራን ሊገድል ነው። ቤኔት ቃል ቢተነፍስ ቴድ ይሰማዋል። ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ሳይነገር የሚሰማ አንድ ሰው አለ። ቤኔት ማት ላይ አፍጥጦ በሐሳቡ ይናገራል፦ ክሌርን ተኩስ፣ እሷ ትድናለች። ማት ደግሞ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሕይወቱን ያበላሸበት ሰው እውነቱን ነው ወይስ ልጁን ሊያስገድለው ነው ብሎ መወሰን አለበት። ይተኩሳል። ክሌር ትወድቃለች፣ እናትና ወንድም ይጮኻሉ፣ ቴድም በድንጋጤ ይበርዳል።

እኔ ይህን ትዕይንት የምወደው የልዩ ኃይል ድራማ እንዴት መጻፍ እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው። ሁለት ኃይሎች ተገናኝተዋል፤ ሐሳብ መስማትና ከቁስል መዳን። ግን ሁለቱንም ያንቀሳቀሳቸው ምንም ኃይል የሌለው፣ እጁ የተያዘ ሰውዬ ነው። መብረቅ የለም፣ ግድግዳ አይፈርስም። ሁለት ሰዎች ይተያያሉ፣ አንዱ ሽጉጥ ይዟል።

«አባት ሆኖ ልጁን እንዴት ያስተኩሳል?» ለሚሉ፦ ስሌቱ ትክክል ነበር፣ ግን ስሌት ነበር። ክሌር ትድናለች እንጂ አያማትም ማለት አይደለም። ልጁን የሚያድነው ሥራው ባስተማረው ዘዴ መሆኑን ክፍሉ አይደብቅም፤ እኛም ልንደብቀው አይገባም።

ቴድ ክፉ ሰው ነው?

አይደለም፤ አደገኛ ነው። ሚስቱ በካንሰር ሞተችበት፣ በሽታው የመጣው ደግሞ ከራሱ ሰውነት በሚወጣው ጨረር ነው። ሳያውቅ ገደላት ማለት ነው። በሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሳለች የመጨረሻ ሐሳቧን ሰምቶ የነገረው ማት ነው፤ ሁለቱን ያስተሳሰራቸው ያ ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንገቱ ላይ ምልክት አግኝቶ «ይህን ያደረገብኝ ሰው አለ» ብሎ ሲያስብ፣ ንዴቱ ብቻ ሳይሆን ተስፋውም ነው የሚነሣው። ጥፋተኛው ሌላ ሰው ከሆነ እሱ ሚስቱን አልገደለም።

ማቲው ጆን አርምስትሮንግ ይህን ሲጫወተው አይጮኽም ማለት ይቻላል። እጁ መጋል ሲጀምር ከታጋቾቹ እኩል የሚፈራው እሱ ራሱ ነው።

ከልጆች ጋር ማየት ይቻላል?

በአሜሪካ የተሰጠው ደረጃ ከ14 ዓመት በላይ ነው። ልጃገረድ እናቷ ፊት ስትተኮስና ሰውነቷ ተቃጥሎ ስትወጣ ይታያል። ለትንንሾቹ አይሆንም።

እሳቱ ውስጥ ክሌር ለምን ራሷ ገባች? እንዴትስ አልሞተችም?

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ነው። ኃይሏ አለመቃጠል አይደለም፤ ትቃጠላለች፣ ከዚያ ትድናለች። ከእሳቱ ስትወጣ ቆዳዋ ከስሎ ተላልጧል፤ ወደ ሰዎቹ በተጠጋች ቁጥር ሥጋዋ እየሞላ፣ ፊቷ እየተመለሰ ይሄዳል። ካሜራው አይሸሽም። በ2007 ለነበረ የቴሌቪዥን በጀት ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም፣ ዛሬም ሲታይ አያሳፍርም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይከብዳል። መርፌውን ይዞ መግባት የሚፈልገው አባትየው ነው፤ ቢገባ እንደሚሞት ያውቃል። ክሌር እንደማትሞት ታውቃለች፣ ግን ሌላ ነገርም ታውቃለች፦ ቶምሰን እያየ ነው። ቤኔት ለወራት ኃይሏን ከኩባንያው ሲደብቅ የኖረበት ልፋት በዚያች ደቂቃ አፈር ይሆናል። በአባቷ ላይ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እየተናደደች የነበረች ልጅ እሱን ለማትረፍ ነፃነቷን ትሰጣለች። ሄይደን ፓነቲየር ያኔ ገና 17 ዓመቷ ነበር፤ በዚህ ክፍል ከኮልማን ጋር እኩል ትከሻ ለትከሻ ቆማ ተጫውታለች።

ሳንድራስ? ክፍሉ ለእሷ ፍትሕ አድርጓል?

አላደረገም፤ የዚህ ክፍል አንድ ትልቅ ጉድለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህች ሴት ባሏ ምሥጢሩን ለመጠበቅ ሲል ትዝታዋን ደጋግሞ አስጠፍቷል፤ አእምሮዋ እስኪታመም ድረስ። እውነቱን በሰማችበት ቀን ቤቷ ውስጥ ታግታለች፣ ልጇ ፊቷ ተተኩሳለች፣ ቤቷም ተቃጥሏል። ለመቆጣት ግን በቂ ጊዜ አልተሰጣትም። ታሪኩ ወደ አባትና ልጅ ስለቸኮለ የሚስትነቷን ጥያቄ ጥሎት አለፈ።

አሽሊ ክሮው ግን ያገኘቻትን ትንሽ ቦታ አላባከነችም። በፊት ሳቅ የምታስጭረን፣ ሚስተር መግልስ የሚባለውን ውሻዋን ለውድድር የምታሰለጥን ሴት ነበረች፤ በዚህ ክፍል ከቴድ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ስትናገር ያቺ ሴት ምን ያህል ብርቱ እንደነበረች ይገባናል።

ቤኔት ድልድዩ ላይ ለምን ራሱን አስተኮሰ? ትዝታውን ማስጠፋቱ ብቻ አይበቃም ነበር?

ቶምሰን ክሌርን አምጣ ብሎ አዝዟል። ቤኔት እሺ ብሎ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ግን ለሄይቲያዊው አሳልፎ ይሰጣትና እንዲሰውራት ይለምነዋል። ሁለት ችግሮች ይቀሩታል። አንደኛው፣ ኩባንያው ሐሳብ የሚያነብ ሰው በእጁ ካስገባ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ይወጣል፤ ማት ከተያዘ በኋላ ይህ ስጋት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ወደ ክሌር የሚያደርስ ነገር ከአእምሮው እንዲጠፋ ያዝዛል። ሁለተኛው፣ ትዝታው ጠፍቶ ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ አብሮ ያሴረ ይመስላል። ሆዱን ተመትቶ ከተገኘ ግን ባልደረባው ከድቶት ልጁን የወሰደበት አባት ይሆናል። ጥይቱ ምስክር ነው።

ሄይቲያዊውን ለምን አመነው የሚሉም አሉ። ሰውየው ቀደም ሲል የክሌርን ትዝታ እንዲያጠፋ ታዝዞ ሳያጠፋ ትቶት ነበር፤ ዲዳ ነው ብለን ስንጠብቀው ለእሷ አፉን ከፍቶ ዝም እንድትል መክሯታል። ቤኔት ይህን ሲያውቅ እንደ ክህደት ነበር ያየው። ድልድዩ ላይ ያው ክህደት ብቸኛ ዋስትናው ሆነ። ለዓመታት የሚስቱን አእምሮ ለዚህ ሰው እጅ የሰጠ ባል አሁን የራሱን ጭንቅላት ለዚያው እጅ ዝቅ ያደርጋል። ሳንድራ ይህን ብታይ ትካሳለች ወይ? አይመስለኝም፤ እሷን ማንም ፈቃዷን አልጠየቃትም።

ኒውዮርክን የሚያጠፋው ፍንዳታ ቴድ ነው?

ክፍሉ እንዲህ እንድናስብ ሆን ብሎ ይገፋፋናል። ከምዕራፉ መጀመሪያ ጀምሮ አንድ ሰው ኒውዮርክ ላይ ፈንድቶ ከተማይቱን ሲያጠፋ በሥዕልና በሕልም እየታየ ነበር፤ እነሆ በመንደር ቤት ውስጥ ሊፈነዳ የሚል ሰው መጣ። መልሱ ግን ሌላ ነው። የሌሎችን ኃይል የሚወርሰው ፒተር የቴድን ኃይል ያገኛል፤ ሳይላር ደግሞ ቴድን ገድሎ ይወስድበታል። በመዝጊያው ክፍል መቆጣጠር አቅቶት የሚግለው ፒተር ነው፣ ወንድሙ ናታንም ይዞት ወደ ሰማይ ይበራል።

ቀጣዮቹ ምዕራፎች ይህን ያህል ጥሩ ናቸው?

በእኔ ዓይን አይደሉም። ፉለር ሌላ ድራማ ለመሥራት ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ወጣ። ሁለተኛው ምዕራፍ በኖቬምበር 2007 በተጀመረው የሆሊውድ ጸሐፍት አድማ ምክንያት በ11 ክፍል ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህ የገጸ ባሕርያቱ ቁጥር እየበዛ፣ የሞተው እየተነሣ፣ ክፉውና ደጉ በየሳምንቱ ቦታ እየተለዋወጡ ሄዱ። በ2015 ሂሮስ ሪቦርን ተብሎ ለ13 ክፍል ሲመለስ ኮልማንም ተመልሶ ነበር። እሱን ለማየት ብቻ የተቀመጠ ሰው ብዙ አይከፋም።

የሚገርመው ይህ ክፍል መንገዱን አሳይቷቸው መተዋቸው ነው። በየምዕራፉ አራት አምስት ጊዜ ያህል አንድ ታሪክ ይዘው አንድ ቤት ቢገቡ ኖሮ ድራማው ሌላ ዕድሜ ይኖረው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ቤኔት ክሌርን የሚወዳት እውነት ነው ወይስ ልጅነቷም ግዳጅ ነበር?

ሁለቱም ነው፣ መጨቃጨቂያውም ይኸው ነው። ከ14 ዓመት በፊት የሒሮ አባት ካይቶ ናካሙራ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቆሞ ሕፃኗን ሲያስረክበው ውሉ ግልጽ ነበር፦ አሳድጋት፣ ኃይል ካሳየች ግን የእኛ ናት። ቤኔት አባት የሆነው በትእዛዝ ነው። ከዚያ ተነሥተው ፍቅሩም የሥራው አካል ነው የሚሉ አድናቂዎች አሉ፤ ክርክራቸው እንዲሁ የሚጣል አይደለም፣ ምክንያቱም ሰውየው ቤቱ ውስጥ ያልዋሸው ሰው የለም።

ሌሎች ደግሞ የለወጠው ያ እሳት ነው ይላሉ፤ ልጁ ልታድነው ስትቃጠል አይቶ ከኩባንያው ተለየ። በዚህ አልስማማም። ኃይሏ መውጣቱን ካወቀ በኋላ ወራት አልፈዋል፣ በውሉ መሠረት ማስረከብ ሲገባው አላስረከበም። ከዚያም ወደኋላ ካየን የመነጽር ቤቱ ምልሰት አለ። ትንሿ ክሌር ያን ወፍራም ጥቁር ፍሬም መርጣ ትሰጠዋለች፣ እሱም ያደርገዋል። ክሎድን እንዲገድል የታዘዘው በዚያው ሰሞን ነው። ትእዛዙን ፈጸመ፤ መነጽሩንም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አልቀየረም። ያኔ የኩባንያው ሰው እንደነበረ አልክድም። ነገር ግን አንድ ወኪል ልጅን ለመጠበቅ ሲባል ማድረግ የማያስፈልገውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ቢቆጥር፣ ሕፃን የመረጠችውን መነጽር ለሰባት ዓመት ማድረግ ከዝርዝሩ አንዱ ይሆን ነበር፤ ግዳጁ ይህን አይጠይቅም።